ያልደረሰው ቦምብ

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። ከምሠራበት የገልፍ አገር ተነሥቼ ፖርት ሱዳን ሄድኩና ኡምብሪያ የምትባለውን የሰመጠች የጣሊያን መርከብ ጠልቄ አየሁ። ለብ ባለው ውኃ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች፤ ከፊል አካሏ ለውኃው ገጽ ቅርብ ነው። ኮራል ለብሳለች፣ ዓሣ ይመላለስባታል።

ሆዷ ውስጥ ግን በሺዎች ቶን የሚቆጠር ቦምብ እንደተደረደረ አለ። ጉዞው ወደ ምፅዋ ነበር፤ ያኔ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ናት። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940 ጣሊያን ጦርነት ማወጇን ካፒቴኑ በሬዲዮ ሲሰማ፣ ጭነቱ እንግሊዞች እጅ እንዳይገባ ብሎ ራሱ አሰመጣት።

ለእኛ ብሎ አይደለም። ቢሆንም ያ ሁሉ ቦምብ በአርበኞቻችን ላይ አልዘነበም። እኔ ለመዝናናት ነበር የሄድኩት፤ የአየር መለኪያዬ ውጣ እስኪለኝ ግን አያቴን ሳስብ ቆየሁ። እናንተም ከመጥለቃችሁ በፊት መርከቧ ምን ጭና ወዴት ትሄድ እንደነበር ጠይቁ።