ቅርጽም ባለቤት አለው
(የባለሙያ ማስታወሻ)

የነቀምቴ ሞባይል ነጋዴዎች ለሕግ ምክር ሲመጡ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ኦቦ፣ ይህ ስልክ ቁርጥ አይፎን ይመስላል፤ የተጻፈበት ስም ግን ሌላ ነው። ብሸጠው ያስጠይቀኛል?» የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ባለቤቶች ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። «እኔ ያወጣሁትን የቁም ሣጥን ዲዛይን ጎረቤቴ ከቴሌግራም ፎቶውን ወስዶ ሠርቶ ሸጠው። ልከሰው እችላለሁ?» አንደኛው የሌላ ሰው ቅርጽ በእጁ ስላለ ይሰጋል፣ ሁለተኛው የራሱ ቅርጽ ስለተወሰደበት ይቆጫል። ጥያቄዎቹ የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ ዋናው መልሳቸው ያለው በአንድ አዋጅ ውስጥ ነው።

ለሁለቱም ማስረዳት የምጀምረው ከአንድ ነጥብ ነው። በአንድ ዕቃ ላይ ስም፣ አሠራርና ቅርጽ የተለያዩ ንብረቶች ናቸው። በስልኩ ጀርባ ላይ የተጻፈው ስም የንግድ ምልክት ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠበቃል። ስልኩ ውስጥ ያለው አዲስ የቴክኒክ መፍትሔ ፈጠራ ነው፤ መብቱም ፓተንት ይባላል። ለዓይን የሚታየው መልክ፣ ማለትም የጠርዙ መታጠፍ፣ የፊቱ አቀማመጥ፣ የመስመርና የቀለም ቅንብሩ፣ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይባላል። ፓተንቱንም ንድፉንም የሚገዛው በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አንዱን መብት የጣሰ ሰው ሌላውን ላይጥስ ይችላል። ሦስቱን አንድ ላይ እየደባለቅን ስለምናወራ ነው ነጋዴው ያለ ምክንያት የሚፈራው፤ ባለ እጁ ደግሞ መብቱን ሳያውቅ የሚቀረው።

ቅርጽ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ዓለም በሰፊው የተማረው ከአፕልና ከሳምሰንግ ክርክር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 ሳምሰንግን በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ የአሠራር ፓተንቶችም ነበሩበት፤ ትልቁን ገንዘብ የያዙት ግን ሦስት የንድፍ መብቶች ናቸው። አንዱ ስለ ጥቁርና ለጥ ያለ የስልክ ፊት ነው። ሁለተኛው ማዕዘኖቹ ክብ ስለሆኑና ዙሪያውን ክፈፍ ስላለው ፊት ነው። ሦስተኛው በስክሪኑ ላይ በረድፍ ስለተደረደሩት ባለ ቀለም ምስሎች ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2012 ጁሪው፣ ማለትም ከዜጎች የተመረጡት ፈራጆች ቡድን፣ ሳምሰንግ 1 ቢሊዮን 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ።

በዚያው ቀን በሴኡል ያለ ፍርድ ቤት የእነዚሁን ኩባንያዎች ክርክር መርምሮ ሳምሰንግ የአይፎንን መልክ አልቀዳም ብሎ ፈርዷል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2011 የጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ 10.1 እንዳይሸጥ አግዶ ነበር። ሳምሰንግ መልኩን ለውጦ 10.1 ኤን የሚባለውን ሲያወጣ ግን ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2012 አዲሱን ለማገድ አልፈቀደም። በእንግሊዝ ደግሞ በሐምሌ 2012 ዳኛ ኮሊን ቢርስ የሳምሰንግ ታብሌቶች እንደ አይፓድ የሚማርኩ ስላልሆኑ ከእሱ ጋር አይምታቱም በማለት ለሳምሰንግ ፈረዱ።

ከእነዚህ ውሳኔዎች ለደንበኞቼ ሁለት ነገር አወጣለሁ። አንደኛ፣ የንድፍ መብት በአገር የተወሰነ ነው። በአሜሪካ የተመዘገበ ቅርጽ በራሱ ኃይል ነቀምቴ ድረስ አይመጣም፤ በኢትዮጵያ ጥበቃ የሚያገኘው እዚህ ሲመዘገብ ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚከለክለው መቅዳትን ነው፤ ከሌላው ሥራ መማርንና ለውጦ የራስን መሥራትን አይከለክልም። ሳምሰንግ በጀርመን ገበያውን ያገኘው በመከራከር ብቻ ሳይሆን ንድፉን በመለወጥ ነው።

ስለዚህ የሞባይል ነጋዴው መልስ ይህ ነው። ስልኩ በራሱ አምራች ስም የሚሸጥ ከሆነና ቅርጹ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ አይፎን መምሰሉ ብቻ የንድፍ ጥሰት አያደርገውም። የሳምሰንግ ወይም የአፕል ስም በሐሰት ተለጥፎበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የንግድ ምልክት ጥሰት አለ፤ ሸማችን ማሳሳት አለ፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢን የሚያደናግር ድርጊትን ይከለክላል። ከጊምቢ፣ ከነጆ ወይም ከሻምቡ መጥቶ ቡናውን በሸጠበት ገንዘብ ስልክ የሚገዛ ገበሬ ኦሪጅናሉን ከኮፒው የሚለይበት መሣሪያ የለውም፤ የሚተማመነው በሻጩ ቃል ነው። ስለዚህ ነጋዴዎችን የምመክራቸው በደረሰኙ ላይ የአምራቹን ትክክለኛ ስምና ሞዴል እንዲጽፉ፣ ኮፒውን ኮፒ ብለው እንዲናገሩ ነው። ሕጉም ህሊናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በእኛ ገበያ በብዛት የሚታዩት ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ምርቶች ናቸው። ኩባንያው በኢትዮጵያም ስልክ ይገጣጥማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁዋዌ በስልኬ ስክሪን ላይ የሚታየውን የጀርባ ምስል ቀድቷል ብሎ ትራንሽንን በሸንዘን ከሶታል፤ ያ ክስ የቅጅ መብት ክስ ነበር። ስልኩ ሲከፈት የሚታየው ሥዕል እንኳን ባለቤት አለው። የስልክ ሱቆቻችን ነጋዴዎች ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለው ማለፍ የለባቸውም፤ በየመደርደሪያቸው ላይ ያለው ዕቃ ነው።

የአፕልና የሳምሰንግ ክርክር ከዚያ በኋላ ያመራበት ጥያቄ ለባለ እጆቻችን የበለጠ ይጠቅማል። ጥያቄው «ቅርጹ ተቀድቷል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «የቅርጹ ድርሻ ስንት ነው?» የሚል ሆነ። በአሜሪካ ሕግ የተመዘገበ ንድፍ የቀዳ ሰው ከዕቃው ያገኘውን ጠቅላላ ትርፍ ይከፍላል። ይህ ድንጋጌ የመጣው ከምንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዶብሰን በሚባሉ የምንጣፍ አምራቾች ላይ በቀረቡ ክሶች የምንጣፍ ንድፋቸው የተቀዳባቸው አምራቾች ክሱን አሸንፈው ሳለ፣ ከትርፉ ውስጥ የንድፉ ድርሻ ይህን ያህል ነው ብለው ማስረዳት ስላልቻሉ የተፈረደላቸው 6 ሴንት ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1887 የጠቅላላ ትርፍ ሕጉን አወጣ።

ለምንጣፍ የወጣው ሕግ ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ በስልክ ላይ ሲሠራ ችግር ገጠመው። ምንጣፍ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው መልኩን ነው። ስልክ ግን ባትሪ፣ ካሜራ፣ አንቴናና ሶፍትዌር ይዟል፤ የፊቱ ቅርጽ ስለተቀዳ የስልኩ ትርፍ በሙሉ ይከፈል ማለት ተገቢ ነው ወይ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2016 በስምንት ዳኞች ሙሉ ድምፅ መለሰ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ትርፉ የሚሰላበት ዕቃ ሙሉው ምርት ወይም የምርቱ አንድ አካል ሊሆን ይችላል አሉ። ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ በግንቦት 2018 ጁሪው 539 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ ከዚህ ውስጥ 533 ሚሊዮኑ ለንድፎቹ ነበር። በቀጣዩ ወር ተስማምተው ክርክሩን ዘጉ። ሰባት ዓመት የፈጀ ክርክር ነው።

ይህን የምተርከው የድርድር ጠረጴዛ ላይ ስለሚጠቅመኝ ነው። ባለ እጅ ሲመጣ «ከጎረቤትህ ስንት ትጠይቃለህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ «የሸጠበትን በሙሉ» ይለኛል። ከዋንዛ የተሠራ ቁም ሣጥን ግን እንጨት አለው፣ ማጠፊያና ቁልፍ አለው፣ የሁለት ሰው ጉልበት አለው፤ ቅርጹ ከዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ዋጋ ነው። ገዢው ያን ቁም ሣጥን ከሌላው የመረጠው በቅርጹ ከሆነ ድርሻው ትልቅ ነው። በእንጨቱ ጥራት ከሆነ ድርሻው ያንሳል። ይህን መለየት የቻለ ባለ እጅ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ፊትም ቢሆን ጥያቄውን ማስረዳት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዋጅ 123/1987 ኢንዱስትሪያዊ ንድፍን ሲተረጉም ለፋብሪካ ብቻ አላለም። ለኢንዱስትሪ ወይም ለዕደ ጥበብ ውጤት ልዩ መልክ የሚሰጥ የመስመር፣ የቀለም ወይም ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጽ ቅንብር ሁሉ በውስጡ ይገባል። የደምቢ ዶሎ ወርቅ አንጥረኛ የሚያወጣው አዲስ የአንገት ጌጥ ሕጉ ያውቀዋል። የነቀምቴ አናጺ አዲስ የአልጋ ራስጌ፣ የጊምቢ የብረት በር ሠሪ አዲስ የአበባ ቅርጽ፣ የባህል ልብስ ሰፊዋ አዲስ የጥልፍ ቅንብር፣ ሁሉም መመዝገብ ይችላሉ። ሕጉ በአፕልና በዚህ አንጥረኛ መካከል ልዩነት አላደረገም። ልዩነቱ አፕል ንድፉን ያስመዘግባል፤ እኛ አናስመዘግብም።

ለመመዝገብ ንድፉ አዲስ መሆንና በተግባር ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት። የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ለ5 ዓመት ሲሆን እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ዓመት ለሆኑ ሁለት ጊዜያት ሊራዘም ይችላል፤ ባጠቃላይ እስከ 15 ዓመት ማለት ነው። ባለ መብቱ በዚያ ጊዜ ሌላ ሰው ንድፉን ለንግድ እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥ፣ ከውጭም እንዳያስገባ መከልከል ይችላል። የመጨረሻው ቃል በተለይ ለልብስ ሠሪዎች ትልቅ ነው። በእጅ የተሠራ የባህል ልብስ መልክ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ከውጭ ሲገባና በርካሽ ሲሸጥ በየገበያው እናያለን።

እዚህ ላይ ግን ሰዎችን ተስፋ ማሳጣት ባልወድም እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣውን የኦሮሞ ጥለትና የቀለም ቅንብር ማንም ግለሰብ የኔ ብሎ ሊያስመዘግብ አይችልም፤ አዲስ አይደለምና፣ የማኅበረሰቡም ነውና። ሊመዘገብ የሚችለው ሠሪው ከዚያ ተነስቶ በራሱ ያመጣው አዲስ ቅንብር ነው። የወል የሆነውን ሁሉም ይጠቀምበት፤ የግለሰቡ ድካም ደግሞ ለግለሰቡ ይጠበቅለት። ይህ መስመር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

አእምሯዊ ንብረት ለኢትዮጵያውያን እንደማይሆን የሚያስቡ ሰዎች ቡናውን ያስታውሱ። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። የእኛም አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ ‹ለቀምቲ› በሚል ስም ይታወቃል። ስም ዋጋ እንዳለው ያወቀ ሕዝብ ቅርጽም ዋጋ እንዳለው ለማወቅ አይቸገርም።

ለባለ እጆች የምሰጠው ምክር አጭር ነው። አዲስ ሥራ ስታወጡ በቴሌግራምና በፌስቡክ ከመለጠፋችሁ በፊት አስመዝግቡ፤ ከተለጠፈ በኋላ አዲስነቱን ማስረዳት ይከብዳል። ንድፉን በወረቀት ሥሩት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፣ የመጀመሪያውን የሽያጭ ደረሰኝ አስቀምጡ። አብረዋችሁ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ንድፉ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ውል ይኑራችሁ፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጠቦች የተነሱት ከሱቁ ወጥቶ የራሱን ሱቅ በከፈተ ሠራተኛና በቀድሞ አሠሪው መካከል ነው።

ለመንግሥት ተቋማትም የምለው አለኝ። ማስመዝገቢያው መሥሪያ ቤት ካለበት ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ የዚህን እጥፍ ገደማ። አንድ የአልጋ ንድፍ ለማስመዝገብ ይህን ሁሉ መንገድ መጓዝ ለአናጺ አይታሰብም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቹ የወለጋ ባለ እጆች ደግሞ የሚያነቡት በአፋን ኦሮሞ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከቻ የሚቀበል ሰው በነቀምቴ ቢያስቀምጥ፣ የንድፍ ምዕራፉን በአፋን ኦሮሞ በቀላል ጽሑፍ ቢያዘጋጅ፣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ማመልከቻ በመሙላት ነፃ አገልግሎት ቢሰጡ፣ ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለብዙ ዘመን ነው።

እስከዚያው ድረስ አዲስ ነገር የሠራችሁ ሁሉ፣ ቅርጹ የእናንተ ንብረት መሆኑን እወቁ። ሌላው ከመቅዳቱ በፊት አስመዝግቡት፤ የሌላውንም ሳታስፈቅዱ አትቅዱ።