የሕክምና ጽሑፎች ፍለጋና የግል አካውንት አገልግሎት

መግቢያ

ወባ በጤናና በባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የቆየ ርእስ ነው። ይሁን እንጂ ስለ በሽታው የሚታወቀው ነገር ባለበት የቆመ አይደለም። በኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት በቅድሚያ ይታዘዝ የነበረው መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር። ተሕዋሲው መድኃኒቱን በመላመዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን ተተካ፤ እርሱም በ2004 ቦታውን አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ለተባለው መድኃኒት ለቀቀ። ስለ ትንኟም የሚታወቀው እንዲሁ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ከተማ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነ ትንኝ ተገኘች። ይህች ትንኝ ረግረግና ኩሬ ሳትጠብቅ፣ በከተማ ውስጥ ሰዎች ውሃ በሚያጠራቅሙባቸው በርሜሎችና ገንዳዎች ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላትም በጥናት ታይቷል።

እንግዲህ ወባ የቆላና የገጠር በሽታ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ በከተማ የሚኖረውን ተማሪ ከደጁ ስላለው በርሜል ሳያስጠነቅቀው ይቀራል። የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከታተመ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ለዝግጅቱ የተደረገው ፍለጋም ከኅትመቱ ጋር ሊያበቃ አይገባውም። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ የተደረገ ፍለጋ በግል አካውንት አማካይነት እንዴት ሊቆይ፣ ሊታደስና ለሌሎች ሊተላለፍ እንደሚችል ነው።

የመረጃ ቋቱ አመጣጥ

የሕክምና ጽሑፎችን በየርእሳቸው መዝግቦ የማቅረብ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። ጆን ሾው ቢሊንግስ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1879 ኢንዴክስ ሜዲከስ የተሰኘውን የኅትመት ማውጫ ጀመሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሥራውን በ1964 በኮምፒዩተር ማካሄድ ጀመረ፤ ከ1971 አንሥቶም ሜድላይን በተባለው አገልግሎት መረጃውን ከሩቅ ሆኖ መፈለግ ተቻለ። ፐብሜድ የተባለው የመረጃ ቋት በ1996 ተከፍቶ በ1997 ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ተሰጠ። የታተመው ማውጫ በ2004 ሲቋረጥ፣ ፐብሜድ ግን እያደገ ሄዶ ዛሬ ከ37 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መግለጫዎችን ይዟል። ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔትም በውስጡ ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

ፍለጋ እንዴት ይጠፋል?

ፐብሜድን ለመጠቀም አካውንት አያስፈልግም። ማንኛውም መምህር ቃል ጽፎ መፈለግ ይችላል። ሆኖም ያለ አካውንት የሚደረገው ፍለጋ ለጊዜው ብቻ የሚቆይ ነው። ተጠቃሚው ሥራውን አቋርጦ ስምንት ሰዓት ካለፈው፣ የፍለጋው ታሪክና በጊዜያዊ መያዣው ያኖራቸው ጽሑፎች ዝርዝር ይሰረዛሉ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጡበት፣ አንድ ኮምፒዩተርም ለብዙ መምህራን በሚያገለግልበት ተቋም፣ ይህ ማለት የአንድ ቀን ድካም በማግሥቱ እንደገና ይጀመራል ማለት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ውጤቱ በየትኞቹ ቃላት እንደተገኘ የሚያሳይ ማስረጃ ስለማይቀር ሥራውን ሌላ ሰው ሊመረምረው አለመቻሉ ነው።

የአካውንቱ አከፋፈትና አገልግሎቶች

ማይ ኤን ሲ ቢ አይ የሚባለው የግል አካውንት የሚከፈተው ያለ ክፍያ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ይሰጠው የነበረው የይለፍ ቃል እ.ኤ.አ. በ2021 ስለቀረ፣ ተጠቃሚው የሚገባው በጉግል፣ በኦርኪድ ወይም እነዚህን በመሰለ ሌላ መለያ ነው። በአንድ መለያ ከፍቶ በሌላ መለያ የሚገባ ሰው አዲስና ባዶ አካውንት ሊያገኝ ስለሚችል፣ ሁለት መለያዎችን አስቀድሞ ከአንድ አካውንት ጋር ማያያዝ ይበጃል። በጋራ ኮምፒዩተር የሚጠቀም ሰውም ሥራውን ሲጨርስ ከአካውንቱ መውጣቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

አካውንቱ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የፍለጋ ጥያቄን ማስቀመጥ ነው። ከመፈለጊያው ሣጥን ሥር ያለውን «ክሪኤት አለርት» የሚለውን በመንካት ጥያቄው ስም ተሰጥቶት ይቀመጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚቀመጠው የጽሑፎቹ ዝርዝር ሳይሆን ጥያቄው ራሱ መሆኑ ነው። በመሆኑም ጥያቄው በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሲቀርብ፣ ከዚያ ወዲህ የገቡትን አዳዲስ ጽሑፎች ጨምሮ ያወጣል።

ሁለተኛ፣ በኢሜይል ማስታወቅ ነው። ተጠቃሚው ከፈቀደ አዲስ የተመዘገበው ጽሑፍ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይላክለታል። ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ወርኃዊው ይበቃል፤ በየቀኑ የሚመጣ መልእክት ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይከማቻል።

ሦስተኛ፣ የተመረጡ ጽሑፎችን በስብስብ መያዝ ነው። እያንዳንዱ ስብስብ ስም ይሰጠዋል። ባለቤቱ ከፈለገ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ አድራሻውን ለባልደረቦቹ ሊልክ ይችላል።

አራተኛ፣ ማጣሪያ መምረጥ ነው። ለምሳሌ ሙሉ ጽሑፋቸው በነጻ የሚገኘውን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ ዘወትር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

የጥያቄው አቀራረጽ

መሣሪያው የቱንም ያህል ቢያመች፣ ዋናው ቁም ነገር የጥያቄው ጥራት ነው። አንድ አዘጋጅ ስለ አዲሲቱ ትንኝ ለማወቅ የትንኟን ስምና ኢትዮጵያ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ በመካከላቸው «ኤንድ» የሚለውን ማያያዣ አገባ እንበል። ማያያዣው ሁለቱም ቃላት የሚገኙባቸውን ጽሑፎች ብቻ ያወጣል። ነገር ግን ይህች ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ ነው። ስለ ጂቡቲ ብቻ የሚናገረው ጽሑፍ በዚህ ጥያቄ አይገኝም። የአገሮቹን ስሞች በቅንፍ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው «ኦር» የሚለውን ማያያዣ ቢጨምር ግን፣ ከአገሮቹ አንዱን የሚያነሳ ጽሑፍ ሁሉ ይቀርብለታል። ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚጠቀምበት ሜሽ የተባለ የርእሰ ቃላት ዝርዝርም፣ ጸሐፊዎች አንዱን ነገር በተለያየ ስም ሲጠሩት ጽሑፎቹን በአንድ ርእስ ሥር ለማግኘት ይረዳል።

ጎዶሎ የሆነ ጥያቄ ከተቀመጠ ጉድለቱም አብሮ ይቀመጣል፤ ወር በመጣ ቁጥርም ይደገማል። ስለዚህ ኢሜይል አለመምጣቱ አዲስ ግኝት ላለመኖሩ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። የተቀመጠ ጥያቄ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊመረመርና ሊታረም ይገባዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ፐብሜድ በአብዛኛው የሚያቀርበው የጽሑፉን አጭር መግለጫ ነው። መግለጫውን ብቻ አንብቦ የትምህርት ይዘት መለወጥ አይገባም። ሙሉውን ጽሑፍ ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ፒ ኤም ሲ የተባለው ነጻ ማከማቻ ይረዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው መርሐ ግብርም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት የተቋቋመ ነው። በተጨማሪም አንድ ጽሑፍ በመረጃ ቋቱ መመዝገቡ ብቻውን ለትክክለኛነቱ ዋስትና አይሆንም። መድኃኒትን በሚመለከት ለክፍል የሚቀርበው ትምህርት የጤና ሚኒስቴርን መመሪያ የተከተለ ሊሆን ይገባል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሌላ ነጥብ አለ። አካውንቱ የግል ነው፤ ባለቤቱ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ የፍለጋው ቃላት እንዳሉ ተገልብጠው፣ የተደረገበት ቀንና የተገኙት ጽሑፎች ብዛት ተጨምሮበት፣ በክፍሉ ፋይል ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል። ተተኪው ሠራተኛ በራሱ አካውንት ጥያቄውን ሲያስገባ፣ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል።

ማጠቃለያ

የግል አካውንት ስለ ይዘቱ በመምህሩ ፈንታ አያስብም። የሚጠቅመው ጥያቄውን ሳይረሳ በመጠበቅና አዲስ ነገር ሲገኝ በማስታወቅ ነው። መጽሐፉ በተማሪው እጅ እስካለ ድረስ መጽሐፉ የቆመበትም ጥያቄ በአዘጋጁ ዘንድ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይገባል። ይህ ከሆነ በሚቀጥለው እትም መታረም ያለበት ነገር እትሙ ከመድረሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በዚህም መካከል መምህሩ የታወቀውን በቃል ለክፍሉ ሊያደርስ ይችላል።