ባይተዋርን የሰበሰበች ኳስ

አገሩን ትቶ ወደ ሰው አገር ለሄደ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ቀን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው የገባበትን ቀን ይላል። እኛ ግን እሑድን እንላለን። በሥራ ቀን ሥራው ራሱ ሰውን ይዞ ይውላል። እሑድ ሲመጣ ግን በር የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ ለቡና የሚጠራ ዘመድ፣ «ባለፈው ሳምንት የት ጠፋህ?» ብሎ የሚቆጣ ወዳጅ የለም። ባይተዋርነት ቋንቋ ካለማወቅ ይልቅ፣ ሲቀሩ የሚፈልግ ሰው ማጣት ነው።

ይህን ጉድለት በብዙ አገር የሞላችው አንዲት ኳስ ናት ብንል ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ።

ሩቅ ሳንሄድ ከራሳችን ከተማ እንጀምር። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ሻምፒዮና ሲደረግ የተወዳደሩት ቡድኖች አምስት ነበሩ። ከነዚህ መካከል የኢትዮጵያውያኑ ቡድን በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። የቀሩት አራቱ የእንግዶች ነበሩ፤ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፣ አራተኛውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሲሆን፣ አሸናፊ የሆነውም ይኸው የመጨረሻው ነው። አርመኖቹ ለቡድናቸው ስም ሲያወጡ ከአባቶቻቸው የወረሱትን ተራራ ጠሩ፤ ኳሱን ይዘው የወጡት ግን ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ለመጫወት ነው። በስሙ ከወገናቸው ጋር ተሰበሰቡ፤ በጨዋታው ከባለአገሩ ጋር ተዋወቁ። የነገሩ ምሥጢር በዚሁ ላይ ነው።

ይኸው ነገር በአውስትራሊያ በሰፊው ታይቷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከግሪክ፣ ከኢጣልያና ከዩጎዝላቪያ ብዙ ሕዝብ በመርከብ ወደዚያ ገባ። ክሮአቶች በ1953፣ ግሪኮችም በ1959 በሜልቦርን፣ ኢጣልያኖች ደግሞ በ1958 በሲድኒ የራሳቸውን ክበብ አቆሙ። ከነባሩ ሕዝብ ብዙው ጨዋታውን የመጤዎች ኳስ እያለ ይንቀው ነበር። ይሁን እንጂ በ1974 አውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስትደርስ፣ አሠልጣኙ ራሌ ራሺች ከዩጎዝላቪያ የመጣ ሰው ነበር፤ ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ በውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ።

በ1965 በአቴና የተወለደው አንጅ ፖስቴኮግሉም አምስት ዓመት ሲሆነው ከወላጆቹ ጋር በመርከብ ሜልቦርን ገባ። አባቱ ከጧት እስከ ማታ ሠራተኛ ስለ ነበረ፣ ልጁ ከአባቱ ጋር በደንብ የሚገናኘው የግሪኮቹን ቡድን ጨዋታ አብረው ሲያዩ ነበር። በዚያው ክበብ አድጎ ተጫዋች፣ አምበል፣ በኋላም አሠልጣኝ ሆነ። በ2015 የአውስትራሊያን ብሔራዊ ቡድን መርቶ የእስያን ዋንጫ አስገኘ። ከወገኑ ክበብ የጀመረው መንገድ ወደ አዲሱ አገሩ አደባባይ አደረሰው።

ወደ ወገኖቻችን እንመለስ። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካን አገር ተሰደው በየከተማው ተበታተኑ። በ1984 በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ አራት ቡድኖች ተገናኝተው ተጫወቱ፤ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽንም ከዚህ ተነሣ። ዛሬ ቡድኖቹ ወደ 30 ደርሰዋል። በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጀመሪያ ገደማ፣ ከተማ እየለወጡ አንድ ሳምንት ይሰበሰባሉ። ከሜዳው ዙሪያ እንጀራው ይቀርባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዘፈኑ ይሰማል። ለብዙ ዓመት ያልተያዩ የትምህርት ቤት ጓደኞች በዚያ ይተቃቀፋሉ፤ በዚያ አገር የተወለዱ ልጆችም የወላጆቻቸውን ቋንቋ በብዙ ሰው አፍ ይሰሙታል።

ታዲያ ኳስ ይህን የምታደርገው እንዴት ነው? መልሱ ቀላል ነው። ኳስ ቀጠሮ ናት። አሥራ አንድ ሰው ካልተሟላ ቡድኑ ጎዶሎ ይሆናል፤ ስለዚህ የቀረው ሰው ይፈለጋል። መኪና የሌለውን መኪና ያለው ሄዶ ያመጣዋል። ሜዳ ለማግኘት ከከተማው ሹማምንት ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት፣ ቋንቋ የሚችለው የአገሩን ሕግ ይማራል። አንዱ መዋጮ ይሰበስባል፣ አንዱ ማልያ ያጥባል፣ አንዱ የስም ዝርዝር ይይዛል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ቢሞት፣ የሚጠራው ሰው ስምና መዋጮ የሚሰበስበው እጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ዕድር የሚያስፈልገውም ይኸው አይደለምን? አዲስ የመጣውም ሰው ሥራና የኪራይ ቤት የት እንደሚገኝ የሚሰማው፣ ከጨዋታ በኋላ ላቡን እየጠረገ ሲቀመጥ ነው።

ስለ ኳስ መልካሙን ብቻ ተናግረን ብናቆም ግን አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በአውስትራሊያ የአሮጌው አገር ቂም በደጋፊዎች መካከል ጠብ ያስነሣበት ጊዜ ነበር፤ በ1990ዎቹም ክበቦቹ የወገናቸውን ስም እንዲተዉ ታዘዙ። የኛም ወገኖች በ2012 በአስተዳደርና በድጋፍ ሰጪዎች ጉዳይ ተለያይተው፣ በአንዱ ሳምንት አንዱ በዳላስ፣ ሌላው በዋሽንግተን ሁለት በዓል አደረጉ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኙ ወዳጆች ወዴት እንደሚሄዱ መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ኳስ የሰበሰበችውን ሰው የሰብሳቢዎቹ ክርክር ሊበትነው እንደሚችል በዚህ ታወቀ። ሜዳ ላይ ለሚነሣው ክርክር ዳኛ አለው፤ ከሜዳ ውጭ ለሚነሣው ግን የመተዳደሪያ ደንብ፣ የጠራ ሒሳብና የሚተው ልብ ያስፈልጋል።

ይህን የጻፍነው ባሕር ማዶ ላሉት ብቻ አይደለም። ለትምህርት ከቤቱ ርቆ የሄደ ተማሪም ሆነ፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፣ በሥራ ቀን ባለ ማዕረግ ሆኖ እሑድ ባይተዋር ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ክፍሉን ዘግቶ አገሩን ከሚናፍቅ፣ በሰፈሩ ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ ጠይቆ ቢሄድ ይሻለዋል። ጨዋታ ባይችል መዋጮ ይሰብስብ፣ ወይም መስመር ይቁጠር። በሚመጣው እሑድ የቀረ እንደሆነ «የት ጠፋህ?» የሚለው ሰው አያጣም።