አረንጓዴው ፕሮቲንና ጓደኞቹ፦ ኒውትሮፊል ብግነትን እንዴት ይቀሰቅሳል?

ቁስል መግል ሲይዝና መግሉ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ብዙ ሰው ጀርሙን ያማል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀለሙ የራሳችን ነው። ኒውትሮፊል በተባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ የታጨቀው ማየሎፐርኦክሲዴዝ አረንጓዴ ፕሮቲን ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ከክሎራይድ ጋር አገናኝቶ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሠራል፤ በየቤቱ ያለው በረኪና ጀርም የሚገድለውም በዚሁ ነው። የሚገርመው፣ ይህ ፕሮቲን ከውልደት የጎደላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። ሌሎቹ ፕሮቲኖች ይሸፍኑላቸዋል ማለት ነው።

የአዋቂ ሰው መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ኒውትሮፊል ያመርታል። ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ለረጅም ዘመን የታዩት ሮጦ፣ ውጦ እንደሚሞት ተራ ወታደር ነበር። በደም ምርመራ ወረቀት ላይም የምናየው ብዛታቸውን ብቻ ነው። ብዛት ግን ሁሉን አይናገርም፤ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ቁጥሩ ከተለመደው ዝቅ ማለቱ በተደጋጋሚ የታየ ነው፤ ይህም ዳፊ ከተባለው ጂን ጋር የተያያዘ እንጂ በሽታ አይደለም።

ወታደር የሚለውን ግምት ያፈረሱት ፕሮቲኖቹ ናቸው፤ ይገድላሉ፣ ይጣራሉም። ከሴሉ ፈሳሽ ፕሮቲን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ካልፕሮቴክቲን ዚንክና ማንጋኒዝ ይዞ ባክቴሪያን ያስርባል። ከሴሉ ሲወጣ ደግሞ ለጎረቤት ሴሎች የአደጋ ምልክት ይሆናል። ሐኪሞች በሰገራ ውስጥ የሚለኩት እሱን ነው፤ መጠኑ ከፍ ካለ የአንጀት ብግነት ይጠረጠራል። ኤልኤል-37 የተባለው ደግሞ ቦዝኖ ይቀመጥና ፕሮቲኔዝ 3 የተባለ ኢንዛይም ሲቆርጠው ይነቃል፤ የባክቴሪያን ሽፋን ይበሳል፣ ሌሎች የመከላከያ ሴሎችንም ወደ ስፍራው ይጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በርሊን ከሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኢንፌክሽን ባዮሎጂ ተቋም የወጣ ጥናት ኒውትሮፊል የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ እንደሚዘረጋ አሳየ፤ ኢላስቴዝ የተባለው ኢንዛይምና ማየሎፐርኦክሲዴዝ መረቡ ላይ ተለጥፈው ነበር። መረቡ ጀርም ያጠምዳል። በሉፐስ ሕመም ግን ኤልኤል-37 ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቆ ኢንተርፌሮን የተባለውን የመከላከያ ሴሎች መልእክት ያስመርታል፣ ሰውነትም በራሱ ላይ ይነሣል።

የጉዳቱን መንገድ ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ኢላስቴዝ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 ስዊድናውያኑ ላውሬልና ኤሪክሰን ከጉበት የሚመነጨው አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን በደማቸው ውስጥ ያነሰባቸውን ሰዎች መዘገቡ፤ ከእነሱም መካከል ሳንባቸው በኤምፊዚማ የተጎዳ ሰዎች ነበሩ። ኋላ እንደታወቀው ይህ ፕሮቲን የኢላስቴዝ ልጓም ነው። ልጓሙ ሲጠፋ ኢላስቴዝ ሳንባ እንዲለጠጥና እንዲኮማተር የሚያደርገውን ኢላስቲን ይበላል። የሲጋራ ጢስም ያንኑ ልጓም ያላላል።

አሁን የመድኃኒት ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ መቅኔው አዙረዋል። ኢላስቴዝ፣ ፕሮቲኔዝ 3 እና ዘመዳቸው ካቴፕሲን ጂ ለሥራ የሚዘጋጁት እዚያው፣ በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ነው። ያን ኢንዛይም የሚያግደው ብሬንሶካቲብ፣ የአየር ቧንቧ በዘላቂነት ለሚሰፋበት ብሮንኪኤክታሲስ፣ በነሐሴ ወር 2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ለዚህ ሕመም ተብሎ እዚያ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።