«ሥዕል ልምታህ?» — ካሜራ በናይሮቢ ኑሮ ውስጥ

በስዋሂሊ ፎቶ አይነሳም፣ ይመታል። «ኩፒጋ» መምታት ነው፣ «ፒቻ» ሥዕል። ናይሮቢ ላይ አንዱን መንገደኛ ፎቶ ላንሳህ ወይ ለማለት «ንኩፒጌ ፒቻ?» ይባላል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ሥዕል ልምታህ?» ማለት ነው። መጀመሪያ ሲሰማ ግር ይላል፤ ግን እኛስ ክራር እንመታ የለም? በዚያች ከተማ ካሜራን ለፍቅሩ ብሎ የያዘ ሰው ከሌንስና ከመዝጊያ በፊት መልመድ ያለበት ይህችን ጥያቄ ነው።

ሰዓቱ ለሐበሻ አይከብድም። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ብቻ አለፍ ብላ ስለተቀመጠች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ10 እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ ግን አትዘገይም። ቀጥ ብላ ወደ ላይ ስለምትሄድ ወርቃማው የጠዋት ብርሃን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልቃል፤ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የሰው ዓይን በራሱ ቅንድብ ጥላ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የፎቶ ፍቅር መጀመሪያ የሚለውጠው እንቅልፍን የሆነው። ዓርብ ማታ ያመሽ የነበረው ወጣት በጊዜ ይተኛል፤ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ጓደኞቹን በስልክ ቀስቅሶ ይወጣል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሌላ ጸጋ አለ። የኛ ክረምት ዝናብ ባይኖርም ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ ብርዱም ይጠነክራል። ብዙዎች ያን ወቅት ይጠሉታል። የሰው ፊት ለሚያነሳ ሰው ግን ከዚያ የተሻለ ብርሃን የለም፤ ደመናው እንደ ነጭ መጋረጃ ሆኖ ፀሐይዋን ያለሰልሳታል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚቸገርበትን ነገር ልንገራችሁ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለመሳብ የተሠራ ነው። ከሰውየው ጀርባ ነጭ ሰማይ ካለ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የጥቁር ሰው ፊትም ከሰል ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብርሃኑን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ፣ ሰማዩ ነጥቶ ቢጠፋም አለመጨነቅ። ፎቶው የሰውየው ነው፤ ሰማዩ ነገም አለ።

ቀጥሎ የሚለወጠው መንገድ ነው። የናይሮቢን የመኪና መጨናነቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካሜራ የያዘ ሰው ማታቱ ከሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይወርድና ቀሪውን በእግሩ ይሄዳል። ማታቱው ራሱ የሚነሳ ነገር ነው፤ ከጣሪያ እስከ ጎማ በዘፋኞችና በኳስ ተጫዋቾች ምስል አሸብርቆ፣ ሙዚቃውን እያስጮኸ ያልፋል። መዝጊያውን ወደ አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ አዘግይቶ ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል ማዞር የቻለ ሰው መኪናው ጥርት ብሎ፣ ከተማው እንደ ጎርፍ ሲፈስ ያያል። በሞምባሳ መንገድ ዳር ግራሮች ላይ የሚሰፍሩትን አባ ኮዳዎች ሺህ ጊዜ አልፏቸው አይቷቸው የማያውቅ ሠራተኛ፣ ካሜራ ከያዘ ወዲህ የትኛው ዛፍ ላይ ስንት ጎጆ እንዳለ ይነግራችኋል። ጃካራንዳ ጥቅምት ላይ ሐምራዊ እንደሚያብብም ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1946 በተከለለውና 117 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሰፋው የከተማዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቀጭኔውን ከኋላው ካሉት ፎቆች ጋር በአንድ ፎቶ ለማስገባት ረጅም ሌንስ ይዞ ይጠብቃል። የከተማዋን ጣሪያዎች በማንሳት የታወቀው ሙቱዋ ማቴካም፣ ሌላው ፎቶ አንሺ ኦስቦርን ማቻሪያም የተማሩት የሕንፃ ንድፍ ነበር፤ የጎን ፍቅራቸው ዋና ሥራቸው ሆነ።

ይህ ሁሉ ያለ ስጋት አይደለም። መሃል ከተማ ላይ ስልክና ካሜራ ይነጠቃል፤ ስለዚህ በቡድን ይወጣል፣ ካሜራው ከጃኬት ሥር ይያዛል። በየሕንፃው በር የቆመው ጥበቃ «አስካሪ» ይባላል፤ እሱን ሰላም ሳይሉ ካሜራ ማውጣት ጠብ መጥራት ነው። ሰላም ብለው የጠየቁት ግን ብዙ ጊዜ ራሱ «የተሻለው ከወዲያ ነው» ብሎ ያሳያል።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ለፎቶ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ፎቶ አንሺው መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወለደ፣ ልጅነቱን የጀመረውም በዚሁ በኢስሊ ነው። ገና በልጅነቱ ያገለገለች ቦክስ ብራውኒ ካሜራ ገዛ፤ ከፊት አንዲት ቀላል ሌንስ ያላት፣ ውስጧ ጥቅል ፊልም የሚገባባት ሳጥን ነች። በዚያች ሳጥን የጀመረ ልጅ ነው ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደርሶ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ለዓለም የታየውን የረሃብ ምስል የቀረጸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጣ፤ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። ያ የኮረም ምስል ብዙ እርዳታ አስነስቷል፣ ባለውለታችን ነው። ግን ኮረም ላይ የታዩት አብዛኞቹ ሰዎች ለዓለም ስም አልባ ሆነው ቀሩ፤ ይህንንም መርሳት አይገባም።

ከኢስሊ የጁጃን መንገድ ተሻግሮ ማዛሬ አለ፣ በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች የተደጋገፉበት ሰፈር። ጋዜጠኛና ጎብኚ እየመጣ የሚያነሳው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላና ዎንግ የተባለች ፎቶ አንሺ ከማዛሬ ወጣቶች የስፖርት ማኅበር ጋር ሆና ነገሩን ገለበጠችው፦ ለ31 የሰፈሩ ልጆች ርካሽ የፕላስቲክ ካሜራ ተሰጣቸው። በየሳምንቱ እየተገናኙ ፎቶዎቻቸውን አብረው ያዩ፣ ይጽፉባቸውም ነበር። ሥራው «ሹትባክ» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጽሐፍ ወጣ። ለእኔ የዚህ ነገር ትልቅነት የልጆቹ ፎቶ ማማሩ ብቻ አይደለም። የውጭ ሰው ችግር ብቻ ባየበት ሰፈር እነሱ እናታቸውን፣ ጎረቤታቸውንና ጨዋታቸውን አዩ። ከነዚያ ልጆች አንዱ ጁሊየስ ምዌሉ ሙያተኛ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ በኋላም እዚያው ማዛሬ ላይ ለሰፈሩ ልጆች ፎቶና ፊልም የሚያስተምር ድርጅት በስሙ አቋቋመ።

በመሃል ከተማው ኡሁሩ ፓርክ ሲሠሩ የኖሩት የመንገድ ፎቶ አንሺዎችም ፎቶን ለተነሳው ሰው የማድረስ ደንብ ነበራቸው፤ ያነሱትን አሳጥበው ለባለቤቱ ይሰጡት ነበር። ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዞ ስለሚያነሳ ፎቶው በዝቷል፣ ባለቤቱ ጋ የሚደርሰው ግን አንሷል። ይህ ያሳዝነኛል። ቆሎና በቆሎ ከምትሸጠው እናት ደጃፍ በየቀኑ የሚያልፍ ሰው አንድ ጠዋት ፎቶዋን አሳጥቦ ሲሰጣት፣ በማግስቱ ስሙን ትጠራዋለች፣ ልጇንም ታስተዋውቀዋለች። ለስደት ኑሮ እንዲህ ያለ ትውውቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ናይሮቢ ያላችሁ ወገኖች፣ በስልካችሁ ውስጥ የሰው ፎቶ ካለ ከመካከሉ አንዱን ዛሬ መርጣችሁ አሳጥቡት፤ ነገ ጠዋት ለባለቤቱ በእጁ ስጡት።