ብቻውን የማይቀድስ ቄስ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ አጣዬን አልፎ ኮምቦልቻ ሳይደረስ የምትገኝ ከተማ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ከዞኑ ነዋሪ ከመቶ ዘጠና አምስቱ በላይ ሙስሊም ነው። ክርስቲያኑ ጥቂት ነው፤ ከመካከሉም በሥራ ዝውውር መጥቶ በሥራ ዝውውር የሚሄደው አያንስም። እንዲህ ባለ ቦታ አምስት ስድስት ሰው ተሰባስቦ ሕፃናት ቢያስተምር፣ ቢዘምር፣ የታመመ ቢጠይቅ፣ ያ ቡድን የፈረሰ ዕለት የሚተካው ሌላ የለም። አዲስ አበባ ላይ ያኮረፈ ዘማሪ አጥቢያ ይቀይራል። እዚህ ኩርፊያ ማለት አገልግሎቱ ቆመ ማለት ነው።

ስለ አገልጋዮች አንድነት ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ልብ ነው፤ ትሑት ሁኑ፣ ተዋደዱ፣ ራሳችሁን ካዱ። ትክክል ነው። ነገር ግን ለዓመታት ሳይፈርሱ የቆዩ ቡድኖችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል፤ ሥራው ራሱ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይዘው ሆኖ ተደራጅቷል።

ለዚህ የቅዳሴን ያህል ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በትንሹ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ሠራዒው (ዋናው ቀዳሽ) ካህን የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ድምፁም የቱን ያህል ቢያምር፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ካህንና ዲያቆናቱ ከሌሉ አይቀድስም። የዲያቆኑን ድርሻ ዲያቆኑ፣ የሕዝቡን ተሰጥኦ ሕዝቡ ይለዋል። በማኅሌቱም መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው እየተቀባበሉ ነው የሚያዜሙት። ይህን የሠሩት አባቶች የሰውን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ይመስለኛል። ካህናቱ ጥቂት በሆኑበት ገጠር ሥርዓቱ ይከብዳል፤ አንድ ሰው ሲጎድል ሁሉም ይቸገራል። ግን ማንም ተራ አጃቢ እንዳይሆን የሚያደርገውም ይኸው ችግር ነው።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በኩል ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። የወላይታ ታሪክ ይህን ያሳያል፤ በዚያ ይሠሩ የነበሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 እ.ኤ.አ. አገር ለቀው ሲወጡ ትተው የሄዱት የተጠመቀ ምእመን ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። በወረራው ዘመን ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። አንዱ ሲታሰር ሌላው ይቀጥል ነበር፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ ያልተንጠለጠለ በመሆኑ። ዛሬ በየግድግዳው የአንድ አገልጋይ ፎቶ ከስብሰባው ርእስ ገዝፎ የሚታይባቸውን ማስታወቂያዎች ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ከሚሴ ላይ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ፈተና ቋንቋ ነው። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛም በከተማው በሰፊው ይነገራል። መዝሙሩም፣ ስብሰባውም፣ ቃለ ጉባኤውም በአማርኛ ብቻ ከሆነ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚያስበው አባል ቀስ በቀስ ወንበር ደርዳሪ ሆኖ ይቀራል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ፣ መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተረሱብን ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ሕዝቡን ሰብስበው ለዚሁ ሥራ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት እደላው የተሰጠው አቤቱታ ካቀረበው ወገን ለመጡ ሰዎች ነው ማለት ነው። አንድ ሁኑ ብለው ብቻ አልሰበኩም፤ የእደላውን ኃላፊነት ሰጡ።

ስለ አፋን ኦሮሞ ከተነሣ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወደዚህ ቋንቋ የተተረጎመበት ታሪክ ራሱ ስለ ቡድን ሥራ ብዙ ያስተምራል። ኦነሲሞስ ነሲብ ገና ሕፃን ሳለ ከኢሉባቦር ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ ከስዊድን ሚሲዮን ጋር ተምሮ አስተማሪ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ለመተርጎም ሲነሣ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ከአገሩ የወጣው በሕፃንነቱ በመሆኑ የቋንቋው ጥልቀት አልነበረውም። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ገኖ ናት። እሷም ባሪያ ሆና ወደ ዓረብ አገር ስትጋዝ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከበኞች ያስጣሏት ወጣት ነበረች። ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ቋንቋው በአፏ ሙሉ ነበርና 15,000 ያህል ቃላት የያዘ ስብስብ አዘጋጀች፤ ተረቱንና ዘፈኑንም ከትዝታዋ ጻፈች። ከባርነት የወጡ ሌሎች ኦሮሞዎችም በሥራው ተሳትፈዋል። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ፣ ቅድስት ክሪሾና ታተመ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለከሚሴ ቡድን የሚሆን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ መሪው የማይችለውን ማወቁና የሚችለውን ሰው አጠገቡ ማስቀመጡ ነው፤ የኦነሲሞስ ትልቅነት ከዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ደስ አይልም። ትርጉሙ ለረጅም ዘመን የታወቀው በኦነሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴርን ድርሻ ሰው እንዲያውቅ ተመራማሪዎች ብዙ መጻፍ ነበረባቸው። ራስን መካድ በቡድኑ ውስጥ ከአንድ ወገን ብቻ ሲጠየቅ፣ በተለይም ከሴቶችና ከወጣቶች፣ ትሕትና ብለን የምንጠራው ነገር ሌላውን መጠቀሚያ ማድረግ ይሆናል። ማን ምን እንደሠራ በጉባኤ ፊት በስም መናገር ትዕቢት አያመጣም።

ገንዘብ ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ከአንድ በላይ ሰው ይገኝ፣ ቆጠራው ይፈረምበት፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበት ሰበካ ጉባኤም አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው። ብዙ መንፈሳዊ የተባለ ጠብ ሥሩ ሲቆፈር ያልተወራረደ ሂሳብ ሆኖ ይገኛል።

የዝውውሩ ነገር ግን ችላ ይባላል። መዝሙር የምታስጠናው ነርስ ደብረ ብርሃን ተመደበች እንበል። ጥናቱ፣ የአባላቱ ስልክ፣ የበገናው ሣጥን መክፈቻ ሁሉ በእሷ እጅ ብቻ ከነበረ ቡድኑ አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ ከመጀመሪያው ሁለት ሰው ይኑረው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይልመድ፣ በወራት ተራ ይቀያየሩ። ተተኪ ማሠልጠን የማይወድ አገልጋይ ካለ ቡድኑ በጊዜ ሊያነጋግረው ይገባል።

ጠብ አይቀርም። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በዮሐንስ ማርቆስ ምክንያት ተጣልተው መንገድ ለይተዋል። ከቡድኑ ውጭ ያለው ግጭትም ወደ ውስጥ ይገባል፤ በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በከሚሴ አካባቢ የተነሡት ግጭቶች ብዙ ሰው ገድለዋል፣ ብዙም አፈናቅለዋል። የእንዲህ ያለ ግጭት ወሬ በሚነፍስበት ሳምንት አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች በአንድ ቡድን ውስጥ ዝም ብለው ቢተያዩ፣ ዝምታው ራሱ ይከፋፍላቸዋል። ሽማግሌ የሚጠራበት መንገድ፣ ማን ማንን እንደሚያነጋግር፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሆነ፣ ጠቡ ሳይመጣ ተስማምቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (የቀብር ዕድር) ሲቀባበሩ ኖረዋል፤ ቅሬው ደንብ አለው፣ ተራ አለው፣ ለቀረ ሰው ቅጣት አለው። የተኮራረፉ ጎረቤታሞችም ቢሆኑ ሐዘን ሲደርስ አንዱን ቃሬዛ አብረው ያነሣሉ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች አብዛኞቹ የዚህ ቅሬ አባላት ናቸው፤ ደንቡንም ያውቁታል። ለመዝሙር ቡድናቸው፣ ለሕፃናት ትምህርታቸው እንዲህ ያለ ደንብ ጽፈው የተፈራረሙ ግን ጥቂቶች ናቸው።