ስልኩን አትንኩት፣ ሪሞቱን ተጫኑ

ሳነቴ አምባ ላይ ባለሰማያዊ ክንፏን ዝይ በቴሌስኮፕ አጥርታችሁ እያያችሁ ስልካችሁ ያነሳው ፎቶ ከደበዘዘ፣ መጀመሪያ ሌንሱን አትጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስክሪኑን የነካው ጣት ነው።

ሒሳቡ ይኸው፦ የ26 ሚሊሜትር የስልክ ሌንስ 30 ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ላይ ሲገጠም እንደ 780 ሚሊሜትር ሌንስ ያቀርባል። ቴሌስኮፑ ታዲያ ወፏን ብቻ ሳይሆን ንዝረቱንም ያጎላል።

ስለዚህ የብሉቱዝ ሪሞት ያዙ። በብዙ ስልኮች የባለገመድ ኢርፎን የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍም ፎቶ ያነሳል፤ ገመዱ ግን ይላላ፣ ከተወጠረ ስልኩን ይጎትታል። ታይመር ዝም ብላ ለቆመች ወፍ ይበቃል። ለምትግጥ ዝይ ግን አልመክረውም፤ 3 ሰከንድ እስኪቆጠር አንገቷን ትደፋለች። ሪሞት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፦ ቅጽበቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ስክሪኑን ጫን ብላችሁ በመያዝ ፎከሱን ቆልፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ምስሉ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ሪሞቱን ተጫኑ።

ነፋስን ግን ሪሞት አያቆመውም። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በዚህ አምባ የትራይፖዱን እግሮች አሳጥሩ፣ የመሀል ዘንጉን አታውጡ፣ ብርሃኑ ከፈቀደም ሹተሩን ወደ 1/800 ሰከንድ አፍጥኑት።